እምቢ ያለው ቴስታታ

ኅዳር 5/2012፣ ዓርብ፣ ማታ 1 ሰዓት

የመምህሩ ፒክአፕ ጥገና አለቀ። ዘይት የሚያፈሰው ከላይ ነበር፣ ከቫልቭ ሽፋኑ። አሮጌውን ጋስኬት፣ በሁለት ብረት መሃል ገብቶ ፍሳሽ የሚከለክለውን ስስ ንጣፍ፣ በምላጭ ፋቅኩት። እንደ ደረቀ ሙጫ ተጣብቆ ግማሽ ቀን በላኝ። ፊቱን በቤንዚን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ሲሊኮኑን ስስ አድርጌ ቀባሁ። ስስ! ጉደር መውጫ ያሉት ወጣት ሜካኒኮች እንደ ቅቤ ይለድፉታል፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ የዘይት መንገድ ይዘጋል። ለማን ልንገር? ላንተው፣ ደብተር። አንተ ደግሞ መኪና የለህም።

ወገቤ። ከመኪና ስር ስወጣ ሳላስበው አቃሰትኩ። በር ላይ የቆመ ባለባጃጅ ሰምቶ "አይዞን ፋዘር" አለኝ። ፋዘር! ልመልስለት አሰብኩና ደከመኝ።

ጋራዡን ልዘጋ ስል ባለአውቶቡሱ ለሚ መጣ። ነድቶ አይደለም፣ በገመድ ተጎትቶ። ቅጥቅጥ አውቶቡሱ ከኋላ ጭቃ፣ ከፊት እንፋሎት። ወደ ጎጆ ከተማ የሚወጣው ዳገት ላይ ፈልቶ ነው የቆመው፤ ተሳፋሪው ድንቹንና ገብሱን ተሸክሞ በእግሩ ወጣ። የዘይት መለኪያውን መዘዝኩ። ዘይቱ ማኪያቶ መስሏል። ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ቴስታታው ስር ያለው ጋስኬት ሄዷል። (ቴስታታ የሞተሩ ራስ ነው። ልጄ ይህን ደብተር ስትገዛልኝ ሰው እንደሚያነበው አድርገህ ጻፍ ብላኛለች። ይኸው አስረዳሁ።)

ከመስከረም ወዲህ ሦስተኛው ነው። ያው አውቶቡስ፣ ያው ጋስኬት፣ ያው ሜካኒክ። ለሚ ገመዱን ፈትቶ ጠቀለለ። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ፈታሁት። ቡሎኖቹ አንድ በአንድ ወጡ። ቴስታታውን ጠረጴዛ ላይ አስተኛሁት። ጋስኬቱ በሁለቱ ሲሊንደሮች መሃል ተበልቷል። የውሃ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ነጭና ቡናማ ነገር ጋግሯል፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋግረው። ያገራችን ውሃ ነው፣ ሁሉም ላይ ይጋግራል ብዬ ፋቅኩት። ሌላ አላሰብኩም።

ከዚያ ፊቱን ዳሰስኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምዳስሰው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ ነው። ዛሬ ጣቴ ደህና ነው አለኝ። ቀጥ ያለውን ብረት ሳጋድምበት ግን ብርሃን በስሩ አለፈ። ተጣሟል! ድሮ ጣቴ ከብረቱ ቀድሞ ያውቅ ነበር። ፈራሁ። ደግሜ ልጻፈው፦ ፈራሁ።

ለአስካለ ነገርኳት። ሚስቴ ነገር አታለሳልስም። አርጅተሃል አለች። ሆለታ ያለችው ልጃችን ግቢዋ ውስጥ ክፍል አሠርታልናለች፣ ለገና ግቡ ትላለች። አስካለ ልቧ ከሄደ ቆየ። እኔም ብሄድ ደስ ይለኛል፣ ለምን እዋሻለሁ። ጠዋት ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ምንም አለመፍታት! ግን በዚህ አውቶቡስ ተሸንፌ አልወጣም። ተሾመ እጁ ሞቶ ዘጋ እንዲባል አልፈልግም። መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል፣ ከዚያ በገዛ እጄ እዘጋለሁ። አስካለን እንዲህ አልኳት። ያነሳችው ድስት ነበር፣ ድም አድርጋ አስቀመጠችው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ለሚ ቴስታታውን በጆንያ ጠቅልሎ አ.አ. ወሰደው፣ ቶርኖ ቤት፣ ፊቱ እንዲላግ። እዚህም ይሠራሉ፣ ግን ለዚህኛው ማንንም አላምንም። ራሴንም።

ስለ ለሚ ልጻፍ። የፈይሳ ልጅ ነው። ፈይሳ ሹፌር ነበር፣ ጓደኛዬም። እዚያው የጎጆ መንገድ ላይ ከነመኪናው ገደል ገብቶ ቀረ። ለሚ ያኔ ትምህርት ቤት ነበር። አሁን የራሱን አውቶቡስ በዚያው መንገድ ይነዳል፣ አምቦ–ጎጆ፣ ጎጆ–አምቦ። እናቱን አዴ ጫልቱን ይጦራል። ዝምተኛ ልጅ ነው። ዛሬ ግን ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር አመለጠው። ሰዉ ሁሉ ወጣቶቹ ጋ ውሰደው እያለው ነው፤ ወደኔ የሚያመጣው አባቱ ሌላ ሜካኒክ ስላላወቀ ነው። ሊያስደስተኝ ነው ያለው። ቀኑን ሙሉ ቆረቆረኝ። ለሙት ክብር ሲባል ነው ለካ መኪና የሚመጣልኝ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ፣ ከ/ሰዓት

ቴስታታው ተልጎ መጣ። መስታወት ነው። አዲስ ጋስኬት፣ ከማሸጊያው በእጄ ያወጣሁት። የታችኛውን ፊት ሁለት ጊዜ አጸዳሁ፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹን በአየር ነፋሁ።

ስገጥም አላወራም። እዚህ ያለ ሹፌር ያውቃል፤ ቡሎን ሳጠብቅ ሰላም የሚለኝ የለም። ከመሃል ወደ ዳር፣ በመስቀል፣ ዙር በዙር። በዙሮቹ መሃል አንድ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ጋስኬቱ እስኪተኛ ጊዜ ይፈልጋል፣ ጸሎቱ ልኩን ይሰጠዋል። ወጣቶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ዛሬ በየዙሩ ሁለት ሁለት ጊዜ ደገምኩ።

ዝናብ ሳለ በበርሜል ያጠራቀምኩትን ንጹህ ውሃ ሞላሁበት። ሞተሩ ተነሳ። አላፈሰሰም፣ አላጨሰም። ለሚን ውሃውን እንዳትነካብኝ አልኩት። እሺ ጋሼ አለ። ፈገግ አለ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን የደከመች ናት፣ እንደኔው እያቃሰተች ነው የመጣችው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ፣ ሚካኤል

ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ጉልበቴ ቁጭ ብድግ አልችልም እያለ። ስንወጣ አዴ ጫልቱ አገኘችኝ። ነጠላዋ ነጭ፣ መቋሚያዋ ከሷ ይረዝማል። አካም ጅርታ ብላ ሰላምታውን ጀመረች፣ ስለ አስካለ፣ ስለ ልጄ፣ ስለ ወገቤ ጠየቀች። በመጨረሻ ስለ አውቶቡሱ። ሠራሁት አልኳት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። መኪናው ዳገት ላይ በፈላ ቁጥር እንቅልፍ አይወስዳትም። ሰው "ለሚ ቆሟል" ሲላት የምትሰማው "ፈይሳ ወድቋል" የሚለውን ነው። መረቀችኝ፣ ረጅም ምርቃት፣ ግማሽ በኦሮምኛ ግማሽ በአማርኛ። አሜን አሜን አልኩ።

የሴትየዋ እንቅልፍ በኔ ቡሎን ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ይሄን ባላውቅ ደግ ነበር።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ጾሙ ገባ። ሽሮ። ነገም ሽሮ።

ጠዋት የአንድ ሚኒባስ ጋስኬት ከወረቀቱ ላይ ቆረጥኩ። ዝግጁው ስለማይገኝ ነው። ወረቀቱን ብረቱ ላይ ዘርግቶ ጠርዙን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ መታ መታ፣ ቅርጹ እስኪወጣ። ይሄ ሥራ ድሮ ያስደስተኝ ነበር። ዛሬ ሦስቴ አበላሸሁ።

ከሰዓት ስልክ። ለሚ። ከጎጆ። ድምፁን ስሰማ አወቅኩ። ሙቀቱ እየወጣ ነው፣ ገና አልፈላም፣ ግን ድሮም እንዲህ ነው የሚጀምረው። ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላውም! ስልኩን ዘግቼ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ስናደድ መዶሻ መወርወር የድሮ ዐመሌ ነው፤ ዛሬ ለመወርወርም አቅም አጣሁ።

የሚኒባሱ ባለቤት ይሄን ሁሉ ሰምቶ ኖሯል። መኪናውን ነገ አመጣለሁ ብሎ ሄደ። አያመጣም።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ

አላመጣም።

ሳስብ ዋልኩ። ጋስኬቱ ደህና፣ ቴስታታው ተልጓል፣ ቡሎኑ በልኩ። ውሃ ማዞሪያው ይሠራል፣ ፋኑም። ታዲያ ምንድን ነው? ወይ እጄ ነው፣ ወይ እኔ የማላየው ነገር አለ። እጄ ከሆነ ልወቀው። ቅዳሜ ከለሚ ጋር ጎጆ እሄዳለሁ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ሞተሩ አጠገብ ተቀምጬ። አስካለ ብርዱ ይገድልሃል አለች። ይግደለኝ አልኩ። ትንሽ ቆይታ ወፍራሙን ካፖርት ከሳጥን አወጣች።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ፣ ማታ

ደብተር፣ ስማኝ። አገኘሁት። ባላገኘሁት ይሻል ነበር።

አውቶቡሱ የሚያድረው ለሚ ግቢ ውስጥ ነው። ጠዋት ሳይነጋጋ ሄድኩ፣ ሲነሳ ልየው ብዬ። በሩ ክፍት ነው። ለሚ ከፊት ተንበርክኮ የራዲያተሩን የታች መክፈቻ ከፍቷል፣ ውሃው መሬት ላይ ይፈሳል። የኔ የዝናብ ውሃ አይደለም። ቡናማ፣ ዝገት የመሰለ። ባዶ ሲሆን ዘጋው። አዴ ጫልቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጣች። በስመ አብ አለች። በላይ በኩል ቀስ ብላ ሞላችው፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ጠብታ ሳታፈስ። የተረፈውን ጎማዎቹ ላይ ረጨች፣ መሪው ላይ ረጨች፣ ለሚን ግንባሩ ላይ። ዞር ስትል አየችኝ። ደስ አላት! ና አለችኝና እኔንም ረጨችኝ። ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። ምን ላድርግ?

ጠበል ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ምንጭ፣ ከዚያ ከመሬት እየተንተከተከ ከሚወጣው። እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ ለጉልበቴ ተጠምቄበታለሁ። ጨው አለው፣ ብረት ብረት ይላል፣ ምላስ ላይ ይነክሳል። ለሰው የተሰጠ ነው። ለአሉሚኒየም ግን አልተሰጠም። ሲሞቅ ይጋግራል፣ የውሃውን መንገድ ይደፍናል፣ የቴስታታውን ፊት ይበላል። ማንቆርቆሪያ የመሰለኝ ያ ግግር ይሄው ነበር። በእጄ ፍቄ ጣልኩት፣ አላየሁትም!

ሞተሩ አጠገብ ተቀመጥኩና ተነሳን። ብርድ። ገብሱ እየታጨደ ነው። የሙቀት መለኪያው መርፌ ዳገቱ ላይ ቀስ እያለ ወጣ። ከኋላ አንዲት ሴት በግ ይዛ ተሳፍራ በጉ ይጮሃል፣ ሰዉ ይስቃል፣ እኔ መርፌውን አያለሁ።

ጎጆ ሻይ ቤት ለሚን አስቀምጬ ነገርኩት። ነጣ። ውሃ ምን አለው ብዬ ነው ጋሼ አለኝ። አባቱ የሞተ ጊዜ የተገባ ስለት ነው። እናቱ ልጄን ጠብቅልኝ፣ መኪና ሲይዝ በየሳምንቱ በጠበልህ አጥበዋለሁ ብላ ተስላለች። አውቶቡሱ ሲገዛ ከውጭ ብቻ ነበር። በመስከረም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈላ ግን በሽታው ከውስጥ ነው፣ ከውስጥ ይጠመቅ አለች። እኔ በሠራሁለት ቁጥር ውሃውን ታስለውጣለች። መንገድ ላይ ሲጎድልም ከዚያው ነው የሚጨምረው። ታዲያ ለምን አልነገርከኝም ስለው አንገቱን ደፋ። ለእናቱ ጸሎት ሜካኒክ ማስፈቀድ አሳፍሮታል።

አንተ ንገራት አለኝ። እኔ አልችልም አለኝ። ጎልማሳ ሰው፣ ስንት ሰው ጭኖ ገደል ለገደል የሚነዳ ልጅ፣ ከእናቱ ጀሪካን ፊት ልቡ ከዳው።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ጽዮን

እጄ አልነበረም። ይሄን ጽፌ ደጋግሜ አየሁት። እጄ አልነበረም። ከተማው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከመናኸሪያ እስከ ጉደር መውጫ በየጋራዡ እየዞርኩ ብናገር ደስታዬ።

ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን አማከርኩ። ሳቁ፣ ከዚያ ሳቃቸውን ዋጡ። ከውጭ መርጨቱ በቂ ነው፣ ስለቷም አይፈርስም አሉ። እውነቱን ንገራት፣ ግን በቀስታ አሉ። እርስዎ ቢነግሯትስ ብል፣ ካህን ከነገራት ኃጢአት የሠራች ይመስላታል፣ አንተ ይሻላል አሉኝ። ሁሉም አንተ ይሻላል ይላል። እሺ፣ ማክሰኞ።

ኅዳር 23፣ ማክሰኞ

ምን እንደምል በመንገድ እየተለማመድኩ ሄድኩ። አዴ ጫልቱ፣ ውሃው ቅዱስ ነው፣ ሞተሩ ግን ብረት ነው። እንዲህ ልጀምር ነበር። ጥሩ አጀማመር ነው፣ አይደል?

አስቀመጠችኝ። ቆሎ አቀረበች። ልናገር ስል ቀደመችኝ። ለሚ ከጎጆ ከመጣ ጀምሮ ዓይኗን አያይም። ታውቃለች አንድ ነገር እንዳለ። ከዚያ መቋሚያዋን ጭኗ ላይ አጋደመችና ጠየቀችኝ። ቃል በቃል ልጻፈው።

"ተሾመ፣ አንተ አትዋሸኝም። ጠበሉ እምቢ ያለው በኔ ኃጢአት ነው እንዴ? ፈይሳንም የበላው የኔ ኃጢአት ነው?"

ደብተር፣ የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ። ውሃው ነው ብላት ምን ልትሰማ ነው? እግዜር ጠበሏን አልተቀበለውም። ወይም ልጇን ዳገት ላይ የምታቆመው ራሷ ናት። ከሁለቱ የትኛውን ይዛ ትተኛለች? ፊቷን አየሁ፣ ቀና ብላ ፍርድ የምትጠብቅ ሴት። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ሌላ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው አልኳት። እጄ ደክሟል አዴ፣ ጣቴ እንደ ድሮው አይሰማውም፣ ቡሎኑን በልኩ አላጠበቅኩትም፣ ሦስቱንም ጊዜ። ጠበሉ ባይኖር ኖሮ ይሄን ጊዜ የባሰ ይሆን ነበር።

እጄን ያዘች። ሁለቱንም። ዘይት የገባበትን ጥፍሬን አየች። አለቀሰች፣ ግን ቀለላት። ሲቀልላት አየሁ፣ ትከሻዋ ወረደ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም፣ እጸልይልህ አልነበር አለችኝ።

አንድ ነገር አስማልኳት። አሁን ደግሜ እገጥመዋለሁ፣ አዲስ ስለሆነ የራዲያተሩን ክዳን ከኔ በቀር ማንም አይከፍትም። ጠበሉ ከውጭ ይሁን፣ ጎማውን፣ መሪውን፣ ልጁን። አባም ከውጭ ይበቃል ብለዋል አልኳት። ይሄኛው እውነት ነው። እሺ አለች።

ከሁለት ቀን በፊት ከተማውን ልዞርበት የነበረውን ነገር ለአንዲት አሮጊት በእፍኝ ቆሎ ሸጥኩት።

ኅዳር 26፣ ዓርብ

አራተኛ ጊዜ። ፈታሁ። ራዲያተሩንና የውሃውን መንገድ በሙሉ በአቼቶ አጠብኩ፣ ቡናማው ግግር እየተቆረሰ ወጣ፣ ባልዲ ሞላ። ቴስታታው ለጥቂት ተርፏል። አዲስ ጋስኬት። ዙር፣ ጸሎት፣ ዙር፣ ጸሎት። የዝናብ ውሃ። ክዳኑን በሽቦ አሰርኩት፣ ጫፉን በፒንሳ ቆለፍኩት።

ለሚ ሙሉ ቀን አጠገቤ ቆሞ ዋለ። በመጨረሻ አልቻለም። ይሄ ነገር ልክ አይደለም ጋሼ፣ ስምህን ነው ያጠፋኸው፣ እነግራታለሁ አለ። ጮህኩበት። ከብዙ ጊዜ በኋላ የጮህኩት ዛሬ ነው። አንተ ልትነግራት የሚገባህ በመስከረም ነበር፣ አሁን አፍህን ዝጋ አልኩት። ከዚያ ቱታዬን ከሚስማሩ አውርዶ ይዞት ሄደ፣ አሳጥቦ ሊያመጣው። ለሚ ይቅርታ ሲል እንዲህ ነው።

ታኅሣሥ 2፣ ሐሙስ

ጋራዡ ባዶ። አንድ ባጃጅ መጣ፣ እሱም አየር ሊሞላ።

አዴ ጫልቱ ክፉ ሴት አይደለችም። ደግ በመሆኗ ነው ያለቅኩት። በማኅበር፣ በዕድር፣ በገበያ፣ ላገኘችው ሁሉ ለተሾመ እጅ ጸልዩለት ትላለች። ምስኪን፣ ደክሞታል፣ ራሱ ነው የነገረኝ ትላለች። ስንት ዓመት የማውቀው ባለአይሱዙ መንገድ ላይ አቅፎ ሳመኝ። እንደ ለቅሶ ቤት። መኪናውን ወጣቶቹ በር ላይ አየሁት።

አስካለ ከገበያ ስትመጣ ፊቷ እሳት ነው። ሰምታለች። ነገርኳት፣ ሁሉንም። መጀመሪያ ሳቀች፣ ጠበሉ ጋ ስደርስ። ስጨርስ አልሳቀችም። አንተ ጅል ሰው አለች። መዝጋት አልነበር የፈለግከው፣ በቃ ተዘጋልህ፣ ዕቃችንን እናስር አለች። እውነቷን ነው። ሆለታ፣ ፀሐይ፣ ወንበር። እጁ ሞቶ ዘጋ ይሉኛል። ይበሉ። እሺ አልኳት። ለልጃችን ደወልን፣ በደስታ ጮኸች።

እውነቱን ላንተ ብቻ፣ ደብተር። የዋሸሁት ግማሹን ነው። ጣቴ በእርግጥም ያንን መጣመም አላወቀውም። አውቶቡሱን የጣለው እጄ አይደለም፣ እጄ ግን ደክሟል። ሁለቱም እውነት ነው። ማንም ሳይፈርድብኝ ራሴ ላይ ፈረድኩ።

ታኅሣሥ 6፣ ሰኞ፣ ጠዋት

መሣሪያዎቼን ሳጥን ውስጥ እየደረደርኩ ነበር። መፍቻዎቹን ሸጬ መጨረስ እፈልጋለሁ። በሩ ጨለመ። አዴ ጫልቱ። መቋሚያ፣ ነጠላ፣ ቢጫ ጀሪካን። ከጠበሉ ምንጭ በእግሯ ነው የመጣችው፣ ያን ሁሉ መንገድ፣ ያን ሁሉ ውሃ ተሸክማ።

"ሀርካ ኬ ፊዲ" አለችኝ። እጅህን አምጣ።

ሰው እያየ ነው። ባለሱቁ፣ ባለባጃጆቹ፣ ከማዶ ሻይ የሚጠጡት። ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። እንደ በሽተኛ፣ በገዛ ጋራዤ በር! እምቢ ልል ነበር። ጀሪካኑን ለማንሳት ስትታገል አየኋት። ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁ። አፈሰሰችበት። ቀዝቃዛ ነው። በጣቶቼ መሃል፣ በአንጓዎቼ ላይ በራሷ ጣት እያሸች፣ በእያንዳንዱ ጣት ላይ እየጸለየች። ባለባጃጆቹ ይስቃሉ ብዬ ነበር። ቆባቸውን አወለቁ።

ስትጨርስ ነገም እመጣለሁ አለች። እስኪድን።

ጣቶቼ ያው ናቸው። ብረቱን ዳሰስኩ፣ ሞከርኩ። ያው።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ፣ ማታ

አውቶቡሱ ጎጆ ወጥቶ ይወርዳል። ገበያ ቀን እንኳ፣ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ መርፌው መሃል ላይ ቆሟል። ዘይቱን ዛሬ መዝዤ አየሁ፣ ንጹህ። አያፈስም። በዓመት አያፈስም፣ አውቀዋለሁ።

አዴ ጫልቱ በየጠዋቱ መጣች። ዛሬ እጄን አጥባ ስትጨርስ ፈገግ አለች፣ ድዷ ሁሉ ታየ። እየዳነ ነው አይደል፣ አውቶቡሱ ይመሰክራል አለች። ትናንት ተኝታ አደረች። ሌሊቱን በሙሉ፣ ሳትነቃ። ፈይሳ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ተኝታ አታውቅም። እግዜር ጸሎቴን ይሰማል ለካ አለች። ይቺን ስትል ድምፅዋ የልጅ ነበር።

አዎ አዴ፣ እየዳነ ነው አልኳት። ሌላ ምን ልበል?

ደብተር፣ ሳስበው ዋልኩ። ለገና ሆለታ ከገባሁ፣ በሩ ላይ ሰንሰለት ካየች፣ ምን ልትል ነው? እጁ አልዳነም ትላለች። ጠበሉ አልሠራም ትላለች። ከዚያ ወዴት እንደምትሄድ አውቀዋለሁ፦ ወደ ኃጢአቷ። ወደ ፈይሳ። እንቅልፏ እንደገና ይሄዳል። አሁን የሴትየዋ እንቅልፍ ቡሎን ላይ አይደለም ያለው፣ እኔ ላይ ነው። እኔ የምሠራ፣ የዳንኩ ሰው መሆን አለብኝ። በዚህ ወገብ!

ለአስካለ ነገርኳት። ይጮሃል ቤቱ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮኸችም። ግማሽ ከታሰረው ዕቃ ገመዱን ፈትታ ድስቷን ወደ ቦታዋ መለሰች። ለልጅህ ራስህ ንገራት አለች፣ ድምፅዋ ተሰብሮ።

ደወልኩ። ልጄ አለቀሰች። ታመሃል እንዴ አባዬ፣ ለምን ትቀራለህ አለች። ሥራ አለ አልኳት። ምን ሥራ አለች። ገና ላይ መጥተን እናድራለን፣ ለመኖር ግን አሁን አይሆንም አልኳት። መቼ ነው የሚሆነው አለች። አሮጊቷን ሳስብ፣ ሰባን ካለፈች ቆይታለች፣ የማልፈልገው ሐሳብ መጣብኝ። ዕድሜ ይስጣት አልኩ በልቤ፣ ከልቤም ነው፣ ረጅም ዕድሜ ይስጣት።

መፍቻዎቹን ከሳጥኑ አውጥቼ ግድግዳው ላይ ሰቀልኳቸው። ነገ ቅዳሜ ነው። በማለዳ ትመጣለች፣ ከሷ በፊት ከፍቼ ልገኝ።